ቼኮቹ ለምን አልተጠሩም?

ባለፈው ሴሚስተር የማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ከመካከላችን አንዱ ስምንተኛ ክፍል ገብቶ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንስኤዎች ያስተምር ነበር። የትምህርት ዕቅዱ በሚገባ ተዘጋጅቷል፤ ዓላማው፣ መርጃ መሣሪያው፣ የማጠቃለያ ጥያቄው ሁሉ በየሣጥኑ ሞልቷል። በካርቶን ላይ አራት ስሞች በትልልቁ ጽፎ ሰቅሏል፤ ሂትለር፣ ሙሶሊኒ፣ ቼምበርሌን፣ ዳላዲየ። «እነዚህ አራት ሰዎች ሙኒክ ላይ ተሰብስበው የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ለጀርመን ሰጡ» ብሎ እንደጨረሰ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የሚቆረሰው የእነሱ አገር ከሆነ ቼኮቹ ለምን አልተጠሩም?»

ጓደኛችን ሰዓቱን አየ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» አለና ወደ ማጠቃለያው አለፈ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን የእርሱ አልነበረም። ከኋላ ተቀምጠው ሲከታተሉ የነበሩት መምህራችን በግምገማ ወረቀቱ ላይ «የተማሪዋ ጥያቄ ከትምህርቱ ይበልጥ ነበር» ብለው በቀይ ጻፉለት። ጓደኛችን ያንን ወረቀት አጥፎ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጦታል። እኛም ከዚያ ወዲህ በሻይ ቤትም፣ በመኝታ ክፍልም፣ ለቧንቧ ውሃ ተራ ስንጠብቅም በዚችው ጥያቄ ላይ ስንከራከር ሰንብተናል። የተስማማንበትንና ያልተስማማንበትን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የፈለግነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሁላችንም በየገጠሩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስለምንቆምና ያቺን የመሰለች ልጅ በየክፍሉ ስለማትጠፋ ነው።

አስቀድመን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል፤ የአውሮፓውን የሚፈልግ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይደምር። (ይህን መደመር ሰሌዳ ላይ የማይሳሳት ሠልጣኝ ካለ ምስጋናችን ይድረሰው።)

በ1931 ዓ.ም. መባቻ ሂትለር ኦስትሪያን ከጠቀለለ ገና ስድስት ወር ቢሆነው ነው። አሁን ዓይኑን የጣለው ቼኮዝሎቫኪያ ላይ ነበር። በዚያች አገር ዳርቻ፣ ሱዴተን በሚባለው ተራራማ ምድር፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ይኖሩ ነበር። «ወገኖቼ ተበደሉ» አለ። በእርግጥ ቅሬታ የነበራቸው ሱዴተኖች ነበሩ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በዚያው ተራራ ላይ የቼኮች ምሽግ ሁሉ ተሠርቶ ነበር። ተራራው ከተወሰደ የቀረው አገር አጥር የሌለው ግቢ ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ተረታችን ለዚህ ቀን የተተረተ ይመስላል።

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሌን መስከረም 5 ቀን 1931 በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሂትለር ወደሚገኝበት ወደ ቤርችቴስጋደን በረረ። ዕድሜው 69 ዓመት ነበር። በሳምንቱ እንደገና ወደ ባድ ጎደስበርግ ሄደ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እሺ ብሎ ይዞለት ቢሄድ ሂትለር ሌላ ጥያቄ ጨመረበት። ለእሹሩሩ የለመደ ልጅ ምን ያደርጋል? ቼኮች መስከረም 13 ቀን ክተት አወጁ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው መሣሪያ ይዞ ወደ ድንበሩ ወጣ። በለንደንም በየመናፈሻው ጉድጓድ ይቆፈር፣ ለሕዝቡ የጋዝ ጭምብል ይታደል ጀመር። ቼምበርሌን በዚያን ጊዜ በሬዲዮ ባደረገው ንግግር፣ ስለማናውቃቸው ሰዎች፣ በሩቅ አገር በተነሣ ጠብ ምክንያት እዚህ ጉድጓድ መቆፈራችን ምንኛ አስፈሪና የማይታመን ነገር ነው ሲል በምሬት ተናገረ። ይህ የተነገረው መስከረም 17 ቀን ነው። በእኛ አገር የመስቀል ዕለት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በፋሽስት ጣሊያን እጅ ነበረች፤ አርበኞቻችን ደግሞ ጫካ ነበሩ። «የማናውቃቸው የሩቅ ሰዎች» የሚለው አነጋገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

መስከረም 19 ቀን አራቱ መሪዎች ሙኒክ ላይ ተሰበሰቡ። ወረቀቱ የተፈረመው ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የቼኮዝሎቫኪያ መንግሥት ሁለት ሰዎች ወደ ሙኒክ ልኮ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ስብሰባው አዳራሽ አልገቡም። ሆቴል ተቀምጠው ውጤት እንዲጠብቁ ተደረገ። ሌሊት ተጠርተው የተወሰነው ሲነገራቸው፣ ቼምበርሌን ያለማቋረጥ ያዛጋ እንደነበር ከሁለቱ አንደኛው በሪፖርቱ ጽፏል። መልስ እንዲሰጡም አልተጠየቁም፤ የተጠየቁት እንዲያስረክቡ ነው። ከመስከረም 21 ቀን ጀምሮ የጀርመን ጦር ያለ አንዲት ጥይት ተራራውን ያዘ፤ ምሽጉንም ከነቁልፉ ተረከበ። በአምስተኛው ቀን የቼኮዝሎቫኪያው ፕሬዚዳንት ቤኔሽ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጎረቤቶቹ ፖላንድና ሃንጋሪም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተመለከቱም፤ እያንዳንዳቸው ቁራሽ ቁራሽ ወሰዱ። ፖላንድ በዓመቱ ምን እንደደረሰባት ማንም ያውቃል።

ቼምበርሌን ወደ ለንደን ሲመለስ የሂትለርን ፊርማ ያረፈበትን ወረቀት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እያውለበለበ አሳየ። ለዘመናችን ሰላም ሆነ አለ። ሕዝቡ በዝናብ ውስጥ ቆሞ አጨበጨበለት። የፈረንሳዩ ዳላዲየ ደግሞ ፓሪስ ሲደርስ የወጣውን ሕዝብ አይቶ ሊያዋርዱኝ መጡ ብሎ ሰጋ፤ እነርሱ ግን የመጡት ሊያመሰግኑት ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ366 ድምፅ በ144 ላይ ውሉን ደገፈ። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ዳፍ ኩፐር ብቻ ከካቢኔው ሥራውን ለቆ ወጣ። ቸርችል ፓርላማ ውስጥ ተነሥቶ ይህ ፍጹም ሽንፈት ነው ሲል የሚሰማው ጥቂት ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 6 ቀን 1931፣ ሂትለር ፕራግ ገባ። በዚህ ጊዜ «ወገኖቼ» የሚል ማመካኛ እንኳ አልነበረውም። ፒልዝን የሚገኘው የሽኮዳ የመሣሪያ ፋብሪካም በእጁ ገባ። በዓመቱ ፈረንሳይን ሲወር ከታንኮቹ ብዙዎቹ ቼክ የሠራቸው ነበሩ። ነሐሴ 26 ቀን 1931 ፖላንድን ወረረ፤ በሦስተኛው ቀን እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት አወጁ።

እስከዚህ ያለውን መጽሐፉም ይነግረናል። የክርክራችን መነሻ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ይሄ ሁሉ ምን ያስለፋል? ቼምበርሌን ፈሪ ሽማግሌ ነበር፣ አለቀ» አሉ። እንዲህ ብሎ ማስተማር ቀላል ነው። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ ሰሌዳው ላይ ይሳላል፣ ሰዓቱም ያልቃል። ነገር ግን ይህ ትምህርት አይደለም፣ ቧልት ነው። በሐምሌ 1916 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በሶም ወንዝ አጠገብ፣ እንግሊዝ በአንዲት ቀን ውስጥ ብቻ ከ57 ሺህ በላይ ሰው ሞቶባትና ቆስሎባት ነበር። ፈረንሳይ በዚያ ጦርነት 1.3 ሚሊዮን ያህል ወታደር ቀበረች። በየመንደሩ ሐውልት፣ በየቤቱ የሟች ፎቶግራፍ ነበረ። ቼምበርሌንም የሚወደው የአጎቱ ልጅ በዚያ ጦርነት ሞቶበታል። በዚህ ላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላንን የሚያቆመው ነገር የለም የሚል ፍርሃት ነበረ፤ የኢኮኖሚ ድቀት ነበረ፤ በቬርሳይ ውል ጀርመንን አጉልተን ጎድተናታል የሚል ጸጸትም ነበረ። ከሂትለር ይልቅ ኮሙኒስትን የሚፈሩ ከበርቴዎችም አልጠፉም። ሰላም መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ሰላም ፈላጊውን ሁሉ ፈሪ እያሉ ያሳደጉት ልጅ አድጎ ምን እንደሚሆን እኛ መምህራን ልንጠይቅ ይገባል።

ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ቼምበርሌን ሰላምን መግዛቱ ሳይሆን፣ ዋጋውን ከሌላ ሰው ኪስ አውጥቶ መክፈሉ ነው። ሱዴተን የእንግሊዝ መሬት ቢሆን ኖሮ ሙኒክ ድረስ ተኪዶ አይሰጥም ነበር። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ እያለ ከብቱን የሚሸጥ ሰው፣ ዋጋው ረከሰም ተወደደም ግድ አይሰጠውም። ለዚህ ነው ባለቤቱ ወደ አዳራሹ የማይገባው። ቢገባ «አይሆንም» ይላላ! አይሆንም ካለ ደግሞ ውሉ ይፈርሳል። ስለዚህ የልጅቱ ጥያቄ መልስ አንድ ነው፤ ቼኮቹ ያልተጠሩት ተረስተው ሳይሆን፣ ቢጠሩ ኖሮ ስብሰባው እንዳሰቡት ስለማይሄድ ነው።

አሁን «ወደ እርሱ እንመለሳለን» ወዳልነው እንለፍ። በአብዛኛው መጽሐፍ የማባበሉ ፖሊሲ ታሪክ ከሙኒክ ይጀምራል፤ ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ከራይንላንድ። እኛ ግን ይህን አጀማመር አጥብቀን እንቃወማለን። የሙኒክ ስብሰባ የመጀመሪያ ልምምድ የተደረገው በእኛው ላይ ነው።

ኢጣሊያ ወልወል ላይ ጠብ ከጫረችበት ከኅዳር 1927 ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲል ነበር። ኢትዮጵያ አባል ነበረች፤ ኢጣሊያም አባል ነበረች። ማኅበሩ አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ በጋራ ሊቆሙለት የተማማሉበት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እንጂ! እንግሊዝና ፈረንሳይ ከወረራው በፊት «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ኢጣሊያ ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም ራሷ ትሠራለች፤ መሣሪያ ከውጭ ካልገዛ እጁ ባዶ የሚቀረው አንደኛው ወገን ብቻ ነበር። ይህን የእኩልነት ዓይነት ለተማሪ ማስረዳት የሚቻለው በምሳሌ ነው፤ ጫማ ላለውም ለሌለውም «ዛሬ ጫማ አይሸጥም» እንደ ማለት።

መስከረም 22 ቀን 1928 የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በአምስተኛው ቀን ኢጣሊያ ጠብ አጫሪ ናት ተብሎ ተወሰነ። ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ ማዕቀብ ተጣለባት። ምን ምን ተከለከለች? ብዙ ነገር። ዋናው ነገር፣ ነዳጅ ግን አልተከለከለችም። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋባትም፤ ወታደርና የመርዝ ጋዝ የጫነው መርከብ የቦዩን ክፍያ እየከፈለ ያልፍ ነበር። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ ያን ጊዜ ነዳጅ ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር አጫውቶታል። ያጫወተው የት ነው ቢሉ፣ እዚያው ሙኒክ ላይ! ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ መጽሐፉን ዘግቶ ውጭ ወጣ። አያቱ ማይጨው የዘመቱ ናቸው።

ኅዳር 28 ቀን 1928፣ ወታደሮቻችን ግንባር ላይ ሳሉ፣ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን በካርታ ከፋፈሉ። ከትግራይና ከኦጋዴን ለኢጣሊያ ተቆርጦ ይሰጣል፤ የደቡቡ ሰፊ ምድር በስም የኢትዮጵያ ሆኖ ለኢጣሊያ ኢኮኖሚ ይተዋል፤ ለኢትዮጵያ ካሣ ተብሎ ወደ ባሕር የምታወጣ ጠባብ መንገድ ትሰጣታለች። ይህችን መንገድ አንድ ታላቅ የለንደን ጋዜጣ «የግመል መተላለፊያ» ሲል ተሳልቆባታል። እንግዲህ ልብ እንበል። ሁለት ኃያላን፣ ያልተጠራ ባለቤት፣ በእርሳስ የተሰመረ ካርታ፣ «ለሰላም ሲባል» የሚል አርዕስት። ከሙኒክ በምን ይለያል? በአንድ ነገር ይለያል። ይኼኛው በጋዜጣ ሾልኮ ወጣና የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ። ሆር በአሥር ቀን ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የላቫልም መንግሥት ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ሕዝብ ሲያውቅ ይቆጣል። በሙኒክ ጊዜ ሕዝቡ ያጨበጨበው በፍርሃት ስለነበረ ነው እንላለን፤ በዚህ ላይ ግን ከመካከላችን የማይስማሙ አሉ።

ሂትለር ይህን ሁሉ ተቀምጦ ያይ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ጉዳይ እርስ በርስ ሲፈራሩና ሲጠላለፉ፣ የካቲት 28 ቀን 1928 ጦሩን ራይንላንድ አስገባ። ማንም አልነካውም። ከዚያ በኋላ ፓሪስም ለንደንም ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ይበልጥ ተጠነቀቁ፤ የእርሱን ወዳጅነት በሂትለር ላይ እንጠቀምበታለን ብለው ነበር። በወሩ ማይጨው ሆነ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የትናንሽ መንግሥታት ሁሉ መሆኑን ሲያስረዱ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በቀናት ውስጥ ማዕቀቡ እንዲነሣ ተወሰነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው ብሎ በአደባባይ የተናገረው የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ማን ነበር? ኔቪል ቼምበርሌን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንቶኒ ኤደን ከኢጣሊያ ጋር በሚደረገው ድርድር ከቼምበርሌን ጋር ባለመስማማት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን የለቀቀው የካቲት 13 ቀን 1930 ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ በግራዚያኒ ትእዛዝ ከታረደ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መሆኑ ነው። በሚያዝያ ወር እንግሊዝና ኢጣሊያ ሮም ላይ ስምምነት ተፈራረሙ፤ እንግሊዝ የኢጣሊያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ብላ ለመቀበል ተስማማች። በግንቦት ወር ሎርድ ሃሊፋክስ ጄኔቫ ላይ እያንዳንዱ መንግሥት እንደ ፈቃዱ ይወቅላት ብሎ ሲያስረዳ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 7 ቀን 1931 ነው። ማለትም ሙኒክ በተፈረመ በሰባተኛው ሳምንት። ሱዴተን በመስከረም፣ ኢትዮጵያ በኅዳር፤ በአንድ መዝገብ ላይ የተጻፉ ሁለት ዕዳዎች ናቸው። ታዲያ በእኛ አገር ክፍል ውስጥ አንዱን ገጽ አንብበን ሌላውን ለምን እንዘላለን?

ወረራውን ላለማወቅ ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት መካከል አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና፣ ኒውዚላንድና ሜክሲኮ ይገኙባቸዋል። አዲስ አበባ ሄዳችሁ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» የሚለውን የታክሲ ረዳት ስትሰሙ ስሙ ከየት እንደመጣ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ። ከእኛ መካከል አራት ዓመት በዚያ አደባባይ የተመላለሰና ምክንያቱን ሳያውቅ የኖረ አለ፤ ስሙን አንጠራም።

ከክርክራችን ሁሉ የከረረው ስለ «ጊዜ መግዛት» የተነሣው ነው። ሦስት ጓደኞቻችን እንዲህ አሉ፤ እንግሊዝ በ1931 መጀመሪያ ለጦርነት አልተዘጋጀችም፤ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ገና ለጦሩ መሰጠት የጀመረው በዚያው ክረምት ነበር፤ አውሮፕላንን ከሩቅ የሚያየው የራዳር ሰንሰለትም አላለቀም። በሙኒክ የተገኘው አንድ ዓመት ባይኖር በ1932 ክረምት በሰማይ ላይ የተደረገውን ጦርነት ታሸንፍ ነበር ወይ? ጥሩ ነጥብ ነው፤ ዛሬም የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። እኛ አብዛኞቹ ግን በሁለት ምክንያት አልተቀበልነውም። አንደኛ፣ ጊዜው ለሂትለርም ጊዜ ነበር። የቼኮች ጦር፣ ምሽግና ፋብሪካ ከአንዱ ሚዛን ተነሥቶ ወደ ሌላው ገባ። የጀርመን ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ቤክ እንኳ ይህ ጦርነት አገራችንን ያጠፋል ብሎ በነሐሴ 1930 ሥራውን ለቆ ነበር፤ ከሙኒክ በኋላ ግን እንደ እርሱ ያሉትን ማን ይሰማል? ሂትለር ያለ ጦርነት አሸነፈ። ሁለተኛ፣ ቼምበርሌን ራሱ ጊዜ ልግዛ ብሎ አልሄደም። መሣሪያ ማሠራቱን አላቆመም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ወረቀት ያውለበለበው ሰላም አገኘሁ ብሎ በቅን ልቡ ስላመነ ነው። ከሆነ በኋላ የተገኘን ጥቅም እንደ ዓላማ አድርጎ መጻፍ ፈተና ላይ መልሱን ዓይቶ ስሌቱን እንደ መሥራት ነው። ሦስቱ ጓደኞቻችን አሁንም አልተረቱም፤ በሚቀጥለው እትም መልስ እንጽፋለን ብለዋል፤ ቦታ ተይዞላቸዋል።

አንድ አንጋፋ መምህራችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብበው «ምዕራባውያኑን ብቻ አትክሰሱ» አሉን። ትክክል ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ሙኒክ ላይ አልተጠራችም፤ ቅር መሰኘቷም አያስገርምም። ነገር ግን ስታሊን ነሐሴ 17 ቀን 1931 ከሂትለር ጋር ተዋውሎ ፖላንድን በምስጢር ተካፈለ። ከዚያም ሰኔ 1933 ራሱ እስኪወረር ድረስ እህልና ነዳጅ ለጀርመን ይልክ ነበር። ያቺ የእጅ ካርታና እርሳስ በአንድ ወገን እጅ ብቻ አልቆየችም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። «ሙኒክ» የሚለው ቃል ራሱ ከጊዜ በኋላ የጦርነት ነጋሪት ሆኗል። ያው አንቶኒ ኤደን በ1949 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ግብፅን ሲወጋ ናስርን ከነሙሶሊኒ ጋር አመሳስሎት ነበር። የአሜሪካ መሪዎች ቬትናም ሲገቡ፣ በ1995ም ኢራቅ ሲገቡ ሙኒክ ተጠቅሷል። የማንወደውን ሁሉ ሂትለር፣ ድርድርን ሁሉ ሙኒክ ካልን፣ ተማሪዎቻችን ሽማግሌ የሚልክ ጎረቤትን ሁሉ ከሃዲ ብለው ይረዳሉ። ስለዚህ መለያው ምንድን ነው ብለን ብዙ ተሟግተናል። የደረስንበት ከዚያች ልጅ ጥያቄ አይርቅም። አንድ ድርድር ሲነገረን በመጀመሪያ ማን ተቀመጠ ብለን እንቁጠር፤ ቀጥሎ የሚሰጠው ነገር የማን ነው ብለን እንጠይቅ፤ ከዚያም ባለቤቱ የት እንዳለ እንፈልግ። ውስጥ ካለና ተጨንቆም ቢሆን በራሱ አፍ እሺ ካለ ሌላ ነገር ነው። ሆቴል ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ስሙን ሙኒክ ማለት ይቻላል።

በተግባር ምን እናድርግ ላላችሁን፣ በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ይህንን ትምህርት ዳግም ልናስተምረው ዕቅድ አውጥተናል። ስብከት አናበዛም። አራት ወንበር ወደ ፊት ይወጣል፣ ካርታው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ሁለት ተማሪዎች ደግሞ ከክፍል ወጥተው በር ላይ ይቆማሉ። አራቱ ለአሥር ደቂቃ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ተጠርተው ይነገራቸዋል። ቀጥሎ ያንኑ ጨዋታ በኅዳር 1928 ስም እንደግመዋለን፤ ወንበሩ ሁለት ይሆናል፣ ካርታውም የእኛ። በር ላይ የቆሙት ምን እንደተሰማቸው ይናገራሉ፤ እኛም ዝም ብለን እንሰማለን። ጓደኛችን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እርሱ እንዲወስድ ጠይቋል፤ እኛም ፈቅደናል። ያቺ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሳታልፍ ሊደርስባት ይፈልጋል።

ለዚሁ ሥራ ከመርጃ መሣሪያ ክፍሉ ያለው አሮጌው የአውሮፓ ካርታ ያስፈልገናል። ቼኮዝሎቫኪያ በ1985 ለሁለት ሳትከፈል የታተመ በመሆኑ ለዚህ ትምህርት ከአዲሱ ይሻላል። አንድ ጥጉ ተቀዶ በፕላስተር የተያያዘ ነው። ባለፈው ወር ለጂኦግራፊ ግሩፕ ሥራ ተብሎ ወጥቶ አልተመለሰም፤ የወሰደው ክፍል እስከ ዓርብ ድረስ ለተረኛው ቢያስረክብልን እናመሰግናለን።